የተወረወረውን መመለስ

ሆሳዕና በባጃጅ ድምፅ ነው የምትነቃው። ከጎፈር ሜዳ ወደ ሴች ዱና የሚወርደው፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ የሚያመላልሰው፣ ቅቤና ቆጮ ይዘው ከገጠር የመጡ እናቶችን ገበያ የሚያደርሰው ይኸው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ነው። ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ከኋላው የተለጠፈውን ማንበብ የከተማው ነፃ መዝናኛ ነው፤ አንዱ የመዝሙር ስንኝ፣ አንዱ የእንግሊዝ ክለብ አርማ፣ አንዱ የእናቱን ምርቃት ለጥፏል። እርግማን የለጠፈ ባለ ባጃጅ ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እርግማን በዚህ አገር ጨዋታ አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ባጃጅ የሰው ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1926 ለዛሬዎቹ የባጃጅ ኩባንያዎች መሠረት የጣሉ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። ሀብታቸውን ለነፃነት ትግሉ አውለዋል፣ ለእስርም ተዳርገዋል። ማህተመ ጋንዲ አራት ወንዶች ልጆች እያሏቸው ጃምናላልን አምስተኛ ልጃቸው አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። ነጋዴው በ1942 ሲያርፉ ዛሬ ሆሳዕናን ያጥለቀለቃት ተሽከርካሪ ገና አልታሰበም ነበር።

ጋንዲ ደም ሳይፈስ የሚካሄደውን ትግላቸውን መሣሪያ ብለው ይጠሩት ነበር። መሣሪያው እጅግ የሠራው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሕንዳውያን ከቅኝ ገዢው ፍርድ ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጨርቁም ሳይቀር ራሳቸውን አገለሉ። በፌብሩዋሪ 1922 ግን ቻውሪ ቻውራ በምትባል መንደር ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኮሰ፤ የተቆጣው ሕዝብ ጣቢያውን በእሳት አያይዞ 22 ፖሊሶች አለቁ። ጋንዲ በመላ አገሪቱ የተቀጣጠለውን ንቅናቄ አቆሙት። አምስት ቀንም ጾሙ። እስር ቤት የነበሩት የትግል ጓዶቻቸው፣ ጃዋሃርላል ኔህሩን ጨምሮ፣ በንዴት ጨሱ፤ ድል ደጃፍ ደርሶ እንዴት ይታጠፋል? በሚቀጥለው ወር ጋንዲም ተይዘው ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፦ የለቀቁትን መሣሪያ መልሶ የመሰብሰብ ሐሳብ ለሕንዶች እንግዳ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በተረት የሚሰሙት ነው።

ተረቱ ያለው በማሃባራታና በራማያና ውስጥ ነው። ማሃባራታ አሥራ ስምንት መጻሕፍት ያሉት፣ ስለ ሁለት የአጎት ልጆች ወገን ጦርነት የሚተርክ ግዙፍ ድርሳን ሲሆን ጋንዲ የማይለዩዋት ባጋቫድ ጊታም የእሱ አንድ ክፍል ናት። ፑኔ ከተማ፣ ማለትም የባጃጅ ኩባንያ ዋና መቀመጫ ባለባት ከተማ፣ የባንዳርካር የምሥራቃዊ ጥናት ተቋም ሊቃውንት የድርሳኑን የእጅ ጽሑፎች ከየአገሩ ሰብስበው፣ አንዱን ከሌላው እያስተያዩ፣ በ1919 የጀመሩትን ሥራ የጨረሱት በ1966 ነው። አንድ የሊቃውንት ትውልድ ጀምሮት ሌላው ፈጸመው።

በእነዚህ ድርሳናት ውስጥ አማልክት ለጀግኖች የሚሰጡት መሣሪያ አስትራ ይባላል። አስትራ ይወረወራል፤ ኃይሉ ግን ከብረቱ አይመጣም። ተራ ቀስት፣ ከጠፋም አንዲት የሣር ዘለላ ትበቃለች፤ ከመምህር የተቀበሉት ቃል ሲደገምባት እሳት፣ ጎርፍ፣ የዓለም ፍጻሜ ትሆናለች። ስለዚህ መሣሪያው የሚቀመጠው በሰውየው አፍና ልብ ነው። ራማያና ላይ ጠቢቡ ቪሽዋሚትራ ለወጣቱ ራማ የመሣሪያዎቹን ቃል አንድ በአንድ ያስተምረዋል። ራማ ሁሉንም ተቀብሎ ሲያበቃ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው ልጁን ከሌሎቹ የሚለየው፦ መልቀቂያውን አስተማርከኝ፤ አሁን መመለሻውን አስተምረኝ። ጠቢቡም ያስተምረዋል።

መመለሻውን ሳይዝ መልቀቂያውን የያዘ ሰው ታሪክ ደግሞ በማሃባራታ ነው ያለው። ስሙ አሽዋታማ ነው።

አባቱ ድሮና የሁለቱም ወገን መሳፍንት የጦር መምህር ነበር። ከተማሪዎቹ ሁሉ አርጁናን አስበልጦ ይወድ ነበርና ብራህማሺራ የተባለውን የመጨረሻውን መሣሪያ በደስታ ሰጠው። ልጁ ቀና። አባቱን ነጋ ጠባ ጨቀጨቀው። ድሮና የልጁን ችኩልነት ያውቃል፤ ግን አባት ነውና ቅር እያለው ሰጠው፣ የቱንም ያህል ብትጨነቅ በሰው ልጅ ላይ እንዳታውለው የሚል ትእዛዝ ጨምሮ። እዚህ ላይ የማሃባራታ ደራሲ በአሽዋታማ ብቻ አይፈርድም፤ ለማይገባው ልጅ እያወቀ የሰጠውንም አባት ከታሪኩ አያወጣውም።

አሽዋታማ በዚህም አልጠገበም። በሰው መልክ ወደሚኖረው አምላክ፣ ወደ ክሪሽና ሄዶ፣ የእኔን መሣሪያ ውሰድና የአንተን የሚሽከረከር ጎማ ስጠኝ አለው። ክሪሽና ምንም አትስጠኝ፤ ማንሳት ከቻልክ ውሰደው አለው። በግራ እጁ ያዘው፣ አልተነቃነቀም። በቀኙ ሞከረ፣ አልሆነም። ደክሞት ሲተወው ክሪሽና ጠየቀው፦ አርጁና ለእኔ ከሁሉ የቀረበ ወዳጄ ነው፤ እሱ እንኳ ይህን ለምኖኝ አያውቅም፤ የገዛ ልጄም አልለመነኝም፤ ለመሆኑ ከማን ጋር ልትዋጋበት ነበር? አሽዋታማ አልዋሸም። ከአንተ ጋር፣ አለው።

ጦርነቱ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። በመካከሉ ድሮና ተገደለ፤ የተገደለውም በማታለል ነው። አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ገድለው፣ አሽዋታማ ሞተ የሚል ወሬ ነዙበት፤ አባት ልጁ የሞተ መስሎት መሣሪያውን ጣለ፣ አንገቱንም ቀሉት። ይህን ያደረጉት ደጎቹ የሚባሉት ፓንዳቫዎች፣ የአርጁና ወገኖች ናቸው። እንግዲህ አሽዋታማ በደል የሌለው ቂመኛ አይደለም። ልቡ የሚነድ፣ እውነተኛ ጥያቄ ያለው ልጅ ነው። ድርሳኑ ራስን የመግዛትን ፈተና ያልተበደለ ሰው ፊት ቢያስቀምጠው ኖሮ ታሪኩ የልጆች ተግሣጽ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጦርነቱ ባለቀበት ሌሊት አሽዋታማ የተኙትን የፓንዳቫ ወታደሮች ሰፈር ገብቶ ፈጃቸው። የፓንዳቫዎቹን ሚስት የድራውፓዲን አምስት ወንዶች ልጆችም ገደለ። ሲነጋ ፓንዳቫዎቹ ተከትለው ከጋንጀስ ወንዝ ዳር፣ ከባሕታውያን መካከል ተቀምጦ አገኙት። ቀስት አልያዘም። ከአጠገቡ አንዲት የሣር ዘለላ ነቀለ፣ ቃሉን ደገመባት፣ ለፓንዳቫዎች መጥፊያ ትሁን ብሎ ለቀቃት። (በእኛ አገር በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እርጥብ ሣር የያዘ ሰው ሰላም ወይም ምሕረት የሚለምን ነው። ይህን የሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ከሕንዶቹም በላይ ይደነግጣል ብዬ አስባለሁ።)

አርጁናም የራሱን ለቀቀ። ነገር ግን ከመልቀቁ በፊት ያደረገውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ለአሽዋታማ፣ ለመምህሩ ልጅ፣ ደህንነት ተመኘ። ቀጥሎ ለራሱና ለወንድሞቹ። ከዚያ ነው መሣሪያው መሣሪያውን ያብርደው ብሎ የወረወረው። ሁለት እሳት ሰማይ ላይ ተያያዘ፣ ምድር ተናወጠች። ያን ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጠቢባኑ ናራዳና ቪያሳ፣ በሁለቱ እሳቶች መካከል ገብተው ቆሙ።

አርጁና ሽማግሌዎቹን እንዳየ መሣሪያውን መለሰ። ደራሲው ይህ እንዴት ከባድ እንደሆነ ለመንገር ይቸኩላል፦ ራሱን ያልገዛ ሰው ይህን መሣሪያ ከለቀቀ በኋላ ሊመልሰው ቢሞክር የገዛ ራሱን ይቆርጠዋል። አርጁና የቻለው ጉልበት ስለነበረው አይደለም፤ በስደትና በውርደት ጊዜ እንኳ ይህን መሣሪያ ያላነሳ፣ ለመምህሩ የታዘዘ ሰው ስለነበረ ነው። አሽዋታማ መመለስ አልቻለም። ፈርቼ ነው የለቀቅሁት፣ አሁን ከእጄ ወጥቷል፣ አለ። ቪያሳም አንድ ተጨማሪ ነገር ነገረው፤ ይህን ጽሑፍ ለሚያነብ የገበሬ ልጅ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፦ ሁለት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የተጋጩበት አገር አሥራ ሁለት ዓመት ዝናብ አያይም።

መሣሪያው ማረፊያ ይፈልጋል። አሽዋታማ ወደ ፓንዳቫ ሴቶች ማኅፀን መራው። የአርጁና የልጅ ልጅ፣ ፓሪክሺት፣ ሞቶ ተወለደ፤ በክሪሽና ቃል ግን ነፍስ ዘራ። አሽዋታማ ከግንባሩ ላይ ያለውን ዕንቁ ተቀማ፤ ሦስት ሺህ ዓመት ብቻውን፣ ደምና መግል እየሸተተ፣ የሚያናግረው አጥቶ እንዲንከራተት ተረገመ። ጎበዝ ተማሪ፣ የመምህር ልጅ፣ የተበደለ ሰው ነበር።

ለሌላው መሣሪያ፣ ለናራያናስትራ፣ የተሰጠው ደንብ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ይህን መሣሪያ የተዋጋው ሁሉ ይቃጠላል፤ የሚፈልገው የሚታገለውን ክንድ ነው። መዳኛው አንድ ነው፦ ከሠረገላ መውረድ፣ ትጥቅን መሬት ላይ ማኖር። ክሪሽና ለጦሩ ሁሉ ይህን አዘዘ፣ ሁሉም ወረደ። የአርጁና ወንድም ግዙፉ ቢማ ብቻ እኔ ነኝ ትጥቅ የምፈታ ብሎ ቀረ። እሳቱ እሱን ብቻ ለይቶ ከበበው። አርጁናና ክሪሽና ሮጠው ከሠረገላው ጎትተው አወረዱት፣ መሣሪያውንም ነጠቁት። ሁላችንም በሰፈራችን አንድ ቢማ እናውቃለን፤ ደግነቱ የማይጠረጠር፣ ግን ዱላውን ጣል ሲሉት የሚሰማው ስድብ ነው።

ሁሉም ታሪክ ግን አይጥመኝም። ራማ ወደ ላንካ ለመሻገር ባሕሩን መንገድ ልቀቅ ብሎ ለምኖ እምቢ ሲለው በቁጣ ያን አስፈሪ ቀስት ይደግናል። ባሕሩ ደንግጦ ይታረቃል። ራማ ግን የተደገነውን በከንቱ አልመልስም፣ የት ልጣለው ይላል። ባሕሩ በሰሜን በኩል ያለ፣ ክፉ ሰዎች ይኖሩበታል ያለውን ሥፍራ ያመለክተዋል፤ ያ አገር ምድረ በዳ ሆነ። ተራኪዎች ራማ በኋላ ቦታውን እንደባረከው ይጨምራሉ። ቢሆንም፣ ሁለት ኃያላን ሲታረቁ ዕዳውን የከፈለው ማንም ያልጠየቀው ሦስተኛ አገር ነው። ያን ሁሉ የመመለሻ ቃል የጠየቀ ልጅ አድጎ ይህን ማድረጉ ያሳዝናል፤ ድርሳኑ ግን አልደበቀውም።

ይህ ሁሉ ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች ጋር ምን ያገናኘዋል? ሂንዱነት እዚህ ሩቅ ሃይማኖት ነው። በንጉሡ ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራን ሒሳብና ፊዚክስ እንጂ አስትራ አላስተማሩንም። የሚያገናኘን ሌላ ነው። በቃል የሚወረወር መሣሪያ እኛም አለን።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና፣ ከእንሰት ጓሮ ጀርባ ባለው ቤት የአባት፣ የእናትና የሽማግሌ ቃል እንደዋዛ አይታይም። ምርቃት ያበለጽጋል፣ እርግማን ያደርቃል ይባላል። ቃሉ ከአንደበት ሲወጣ ሰዉ ሁሉ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ያውቃል። ለዚህ ነው የተከበረ ሽማግሌ መቆጣት ሲጀምር ልጆቹ እግሩ ላይ ወድቀው፣ አባባ ቃልዎን ይያዙልን የሚሉት። አይምቱን ሳይሆን አይርገሙን ነው ልመናው።

በከምባታ ሴራ የሚባል የመተዳደሪያ ሥርዓት አለ፤ በአማርኛ የምንጠረጥረው ዓይነት ሴራ ሳይሆን ሕግ ማለት ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ያዕቆብ አርሳኖ ጽፈውበታል። ጥልን ማብረድ፣ ደንብ የጣሰውን መገሠጽ፣ ያልተመለሰውን ከማኅበራዊ ኑሮ ማግለል የሴራ ሥራ ነው። ሽምግልና በደረጃ ነው የሚሄደው፦ በዳይና ተበዳይ በየተራ ይናገራሉ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይሰጣል፣ ችኩሉ ጎረምሳ ይሰለቻል። መሰልቸቱ የሥርዓቱ ድካም መስሎ ይታየን ይሆናል፤ እኔ ግን ዋናው ጉልበቱ እዚያ ነው እላለሁ። ደም የተቃባ ሰው በአንድ ቀን ውሳኔ አይበርድም። ልጁ የሞተበት አባት የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ከደጅ ይመልሳል፤ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይመጣሉ። አሽዋታማ ያጣው ይህን ነበር። ሽማግሌዎቹ የደረሱት እሳቱ ከተለቀቀ በኋላ ነው።

የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን በመስቀል ሰሞን ሲያከብሩ ወንዶቹ ለሰንጋ መግዣ ቱታ ተብሎ በሚጠራው ማኅበር ያጠራቀሙትን ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ለአታካና ቅቤ ያዘጋጃሉ። የተጣላ ቤተሰብ ያን ቀን ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ነውር ነው። የተረገመ ልጅ ካለ ይቅርታ የሚጠይቅበት፣ የረገመም ቃሉን የሚያነሳበት ጊዜ ነው። ይህ የእኛ መመለሻ ቃል ነው።

የቀድሞው የሀዲያ እምነት ፋንዳኖ፣ ጀርመናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ ያጠኑት፣ ዛሬ ጥቂት ተከታይ ነው ያለው። አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ሲሆን ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩም አለ። እርግማን ግን ከሃይማኖት ለውጥ ጋር አልጠፋም፤ ልብሱን ነው የቀየረው። በአንዳንድ የጸሎት መድረክ በስም የተጠቀሰ ጠላት ላይ እሳት ሲለመን ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት ደቀ መዛሙርት በአንዲት የሰማርያ መንደር ላይ እሳት ከሰማይ እንዲወርድ ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ መምህራቸው ዞር ብሎ እንደገሠጻቸው በወንጌል ተጽፏል። ያው መምህር በተያዘባት ሌሊት የመላእክት ጭፍራ መጥራት እየቻለ አልጠራም፤ ሰይፍ የመዘዘውንም ወደ ሰገባህ መልስ አለው። ሆሳዕና ከተማ ስሟን የወሰደችው ይኸው መምህር በጦር ፈረስ ሳይሆን በአህያ ከገባበት በዓል ነው። በዚህች ከተማ እሳት የሚለምን ሰባኪ ቢያንስ ይህን ያስብ።

አስትራን ከአቶሚክ ቦምብ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ የቦምቡ ሊቅ ኦፐንሃይመር በ1945 ከጊታ ያስታወሰውን ሁሉም ይጠቅሰዋልና እኔ ልለፈው። ለእኛ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1928 ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ፣ ስምንት ዓመት እንኳ ሳትቆይ በወገኖቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችው ነው። መመለሻውን ፈርሞ መልቀቂያውን የተጠቀመ መንግሥት። ከዚያ ወዲህ ሕንድ ራሷ የሚሳኤሎቿንና የሮኬቶቿን ስም ከድርሳኖቿ ወስዳለች፤ አግኒ የእሳት አምላክ ነው፣ ፒናካ የሺቫ ቀስት። ማርች 9 ቀን 2022 ደግሞ ብራሞስ የተባለው የሕንድ ሚሳኤል በስህተት ተተኩሶ ፓኪስታን ውስጥ ሚያን ቻኑ አጠገብ ወደቀ። ሁለቱም አገሮች የኑክሌር ባለቤት ናቸው። ሰው አልሞተም፣ ፓኪስታንም መልስ አልተኮሰችም። በዚያው ዓመት ኦገስት ሦስት የሕንድ አየር ኃይል መኮንኖች ከሥራ ተሰናበቱ። ያን ቀን በሁለቱ እሳቶች መካከል የገባ ጠቢብ አልነበረም፤ ያተረፈው ያልተተኮሰው ሁለተኛው ሚሳኤል ነው።

የአርጁናንና የአሽዋታማን ታሪክ ዛሬ የምናነበው ሕንዶቹ የመሣሪያውን ግርማ ብቻ ሳይሆን የመመለሱንም ሥርዓት፣ ማን ሊመልስ እንደሚችል፣ ያልቻለው ምን እንደደረሰበት፣ በቃል ይዘው ኋላም በጽሑፍ ስላቆዩት ነው። በሀዲያና በከምባታ እርግማን እንዴት እንደሚነሳ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የትኛው ቃል በየትኛው ቀን እንደሚባል የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የባህል ተማሪዎች አሉት፤ የሆሳዕናና የዱራሜ የባህል ቢሮዎች መቅረጸ ድምፅ መግዛት አያቅታቸውም። በመጪው የያሆዴና የመሳላ ሰሞን ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ላኩ፤ የእርቁን ቃል በሀዲይኛና በከምባትኛ እንዳለ ቅረጹት፣ ጻፉት፣ አሳትሙት።